ባለቤት የሌለው ግኝት

ለተከበሩ የሳይንሳዊ ግኝቶች ዕውቅና ቦርድ ሰብሳቢ
ካሉበት

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለተከበሩት የቦርድ አባላት ሙሉ ጤና፣ በተለይም እስከ ዕድሜ ማብቂያ የማይከዳ የማስታወስ ችሎታ እመኛለሁ። ይህን ሁለተኛውን ምኞት ለአፍ ወግ ያህል የጨመርኩት አይደለም። ሠርቶ ሠርቶ መሥራቱን የረሳ ሰው በቦርድዎ ዘንድ እንዳልሠራ እንደሚቆጠር ሰሞኑን ስለተማርኩ፣ እንዲህ ያለው ነገር በእርስዎም ላይ እንዳይደርስ ከልብ ስለምሰጋ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሳይንስ አላውቅም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጠመኔ ብናኝ መካከል ቆሜ፣ የዓረፍተ ነገር ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ካልተስማሙ ነገር እንደሚበላሽ የሰው ልጆችን ስጨቀጭቅ ነው። ለክቡርነትዎ እንድጽፍ የሚያበቃኝ አንድ ነገር ቢኖር የአመልካቿ ባል መሆኔ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ተረቱ ሚስቴን በማይገባት እንስሳ ቢመስላትም እኔን ግን አበጥሮ ስለሚያውቀኝ አልቀየመውም። ጅቡ ማን እንደሆነ ተረቱም እኔም በትሕትና ዝም ብለናል።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁትም ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ "በሂደት ላይ ናቸው" ስለተባልኩ፣ ይህኛው እንኳ ሲሄድ መንገድ ላይ ሰው ቢያየው ብዬ ነው።

ባለቤቴ በትልቁ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ተመራማሪ ሆና ኖራለች። ባልደረቦቿ "የጀርም እናት" ይሏታል። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ በሳህን ያሳደገቻቸውን ባክቴሪያዎች "እስከ ሰኞ እንዳትጣሉ" ብላ ነው የምትሰናበታቸው። ሰው ቤታችን ሲመጣ አስቀድማ የምታየው ፊቱን ሳይሆን ጥፍሩን ነው፤ እኔን ምኔን አይታ እንዳገባችኝ ስጠይቃትም "ጠመኔ ጀርም አያበቅልም" ብላ መልሳልኛለች። ቁጡ ናት፤ ሳቂታ ናት፤ ተከራክራ የምትሸነፍ አይደለችም። "ነበረች" ማለት ይገባኝ ይሆናል፣ ግን ብዕሬ እስካሁን እሺ አላለኝም።

በዚያ ሆስፒታል፣ በረጅሙ ኮሪደር ጫፍ፣ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል አለ። እናቶች ከበሩ ውጪ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ ያለቡትን ወተት በትንንሽ ኩባያ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በአንድ ወቅት በዚያ ክፍል ክፉ ነገር ገባ። ክብደት መጨመር የጀመረ፣ "ይህስ ተረፈ" የተባለ ሕፃን ድንገት ያተኩሰዋል፤ ሐኪሞቹ ደርሰው ሳይጨርሱ ያርፋል። አንዱ ሲቀበር ሌላው ያተኩሰዋል። የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተርም፣ ዛሬ በቦርድዎ ሜዳሊያ የተሸለሙት እሳቸው ማለቴ ነው፣ ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። "እናቶች! እጃችሁን ታጠቡ!" የሚል ማስታወቂያ በትልልቁ አስለጠፉ። የክፍሉ ዋና ነርስ ደግሞ በስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት፣ "የአንቺ እጅ ንጹሕ አይደለም" ተባለችና ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። እናቶቹም ነርሷም ቆዳቸው እስኪሰነጠቅ ታጠቡ። ሕፃናቱ መሞታቸውን አላቆሙም።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

"ሰዎቹ ስላልታጠቡ ሳይሆን ስለታጠቡ ቢሆንስ የሚያመጡት?" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት።

"ሞቱን።"

ያን ቀን ምሳዋን አልጨረሰችም። ከክፍሉ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ ከውሃው ሳይሆን ውሃው ከሚወርድበት ቀዳዳ፣ ናሙና ወሰደች። በሳህኗ ላይ የበቀለው ጀርም ከሞቱት ሕፃናት ደም የተገኘው ያው ራሱ ሆነ። ጀርሙ ከፍሳሽ ቧንቧው ጉሮሮ ውስጥ እንደ አተላ ተለጥፎ ይኖራል፤ ውሃው ከላይ በቀጥታ ሲወርድበት ይረጫል፤ የሚረጨውም ተጣጥቦ ሕፃን ሊያቅፍ በተዘጋጀ እጅ ላይ ነው። የበለጠ የታጠበ የበለጠ ይዞ ይገባል ማለት ነው። እኔ መሃይሙ የገባኝ በዚህ ልክ ስለሆነ ለሳይንሱ ስህተት እሷ አትጠየቅልኝ።

ይህን ይዛ ዳይሬክተሩ ዘንድ ስትቀርብ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እጅ መታጠብ ይገድላል ብለሽ የዓለም መሳቂያ ልታደርጊን ነው?" አሏት። የስብሰባው ክፍል ሳቀ። ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ተቀመጠችና "ይሳቁ። እኔ በጠራራ ፀሐይ አሳያቸዋለሁ" አለች።

አሳየቻቸውም። ዋናዋ ነርስ ሕፃናቱን ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል አዘዋወረችላት። ባለቤቴ በተለየ መብራት ብቻ የሚያበራ ቀለም የገንዳው ቀዳዳ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ሐኪሙንም፣ ነርሷንም፣ ዳይሬክተሩንም "እንደ ወትሯችሁ ታጠቡ" አለቻቸው። ሁሉም በተራ ታጠቡ፤ አንዳንዶቹም እየቀለዱ። ከዚያ መጋረጃውን ስባ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ ያን ልዩ መብራት አበራች።

ክቡር ሆይ፣ እዚያ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ ባለቤቴና ነርሷ ናቸው። ቀለሙ በጋውኑ እጅጌ ላይ ያበራል። በወተት ኩባያዎቹ ክዳን ላይ ያበራል። በሕፃናቱ ብርድ ልብስ መደርደሪያ ላይ ያበራል። በዳይሬክተሩ ከረባት ላይ፣ ልክ ከቋጠሮው ሥር፣ ያበራል።  ነርሷ ሁለት እጆቿን ወደ ፊቷ አቅርባ እያየች፣ "ስታጠብ ነበር እኮ... በደንብ ስታጠብ ነበር" አለችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ አጠገቧ ተንበርክካ "አንቺ አይደለሽም። ሰማሽኝ? አንቺ አይደለሽም፤ ቧንቧው ነው" አለቻት።

ገንዳዎቹ ተነቀሉ፤ ክፍሉ በሌላ መንገድ ተሠራ፤ ትኩሳቱም ቆመ። ዳይሬክተሩ በአንድ ጊዜ የሐሳቡ አባት ሆኑ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት እሳቸውን አይመለከትም ብዬ እንድጽፍ ጨዋነት ያስገድደኛል። ለፍትሕ ስል የሚገባቸውንም እሰጣቸዋለሁ፦ ገንዳው እንዲነቀል ትዕዛዙን የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ፊርማቸውም የሚነበብ ነበር። ዘዴው ግን ዛሬ በሆስፒታሎች ሁሉ በእሳቸው ስም ይጠራል።

እንግዲህ የቦርድዎን ውለታ በተራ ቁጥር እየዘረዘርኩ ማመስገን ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ የዳይሬክተሩን ሪፖርት ለሽልማት ሲያቀርቡ በውስጡ ያለውን ሰዋስው ሳይነኩ ስላለፉት አመሰግናለሁ። ሪፖርቱ "በተደረገው ክትትል የበሽታው ምንጭ ቧንቧው መሆኑ ተደረሰበት" ይላል። ተማሪዎቼ እንዲህ ሲጽፉልኝ በቀይ ብዕር "ማን ደረሰበት?" ብዬ ነበር የምመልስላቸው። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር በር እንደሌለው ቤት ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ይገባበታል። ዳይሬክተሩም ገቡበት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል አባቶቻችን ስለ ሰዋስው ያወሩ ይመስለኝ ጀምሯል። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ለላቦራቶሪው ሠራተኞች ለትብብራቸው" የሚል ምስጋና አለ። ሃያ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰች ሴት በብዙ ቁጥር ውስጥ ጠፍታ የቀረችበት ቦታ እዚያ ነው።

ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ "እሷ እንኳ ለስም ብላ አልሠራችም" ይሉኛል። ውሸት ነው። ስሟን ፈልጋለች። "እኔ መልአክ አይደለሁም" ትለኝ ነበር ሪፖርቱን ባነበበች ሰሞን፣ ሰሃን እያንኳኳች እያጠበች። "ሕፃናት ሲሞቱ ስም ተጠራ እኮ! የነርሷ ስም ተጠራ፤ የእናቶቹ ስም ተጠራ። ታዲያ ሲድኑ ጊዜ ለምን 'ተደረሰበት' ይባላል?" ለዚህ ጥያቄ በቤታችን መልስ ስላልተገኘ ነው ለቦርድዎ ያመለከተችው። እኔም ጽሑፏን አርሜላታለሁ፤ የሚታረም ግን አልነበረውም።

ሁለተኛ፤ ለትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ቦርዱ ፋይሏን ለዓመታት ሳይጣደፍ ሲመረምር፣ እሷ በበኩሏ ሳትጣደፍ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የጠፋት መነጽሯ ነበር። ከዚያ "ማንኪያ" የሚለው ቃል ጠፋት፤ በእጇ ይዛው "ያ... የሚያጎርሰው" ትለኛለች። ከዚያ የላቦራቶሪዋ መንገድ ጠፋት። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ስሰጣት ቀና ብላ አይታኝ፣ በጣም በትሕትና፣ "እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎም ይጠጡ እንጂ" አለችኝ። ስንት ዓመት "አንተ" ስትለኝ፣ ስትጣላኝም "አንተ ሰውዬ" ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ለተማሪዎቼ "እርስዎ" የአክብሮት ነው ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ እንዲህ እንደሚያም አልነገርኳቸውም።

የቦርዱ ጥሪ የደረሰን ከዚህ በኋላ ነው። መመሪያው አመልካች በአካል ቀርቦ ግኝቱን በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ያዝዛል። ስለ ሕመሟ የሐኪም ማስረጃ አቀረብኩ፤ ጸሐፊዎ በፈገግታ "መመሪያው ስለ ሕመም አይናገርም" አሉኝ። እናም ግራጫ ሙሉ ልብሷን ተኩሼ አለበስኳት። "ማን ሊያገባ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡርነትዎ ያን ዕለት ከረጅሙ ጠረጴዛ ራስ ላይ ተቀምጠው፣ በሚገባ ጨዋነት፣ "ግኝቱን ያገኙት እርስዎ ነዎት?" ብለው ጠየቋት። እሷ እኔን አየች፤ ጠረጴዛውን አየች፤ "እኔ? እንጃ፤ አላስታውስም" አለች። እርስዎም ለማስታወስ ያህል ነገሩን ሁሉ አነበቡላት፦ ስለ ሕፃናቱ፣ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ገንዳው። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ የሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው፣ ፊቷ እየተለዋወጠ አዳመጠችዎ። ሲጨርሱ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ጠየቀችዎ።

"ልጆቹስ? ተረፉ?"

 አንዱ አባል ስልካቸውን አዩ። እርስዎ "ወደ ተነሳንበት እንመለስ" አሉ። ያኔ ያለፈቃድ በመናገሬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ "ተርፈዋል" ያልኳት እኔ ነበርኩ። "እሰይ!" አለችና እጄን ጨብጣ እንደ ልጅ ሳቀች። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ግኝቱ የተደሰተ ሰው እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ግን እንዲህ ይላል፦ "አመልካቿ ግኝቱ የእሳቸው አለመሆኑን በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል፤ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ጥያቄም አንስተዋል።" ክቡር ሆይ፣ "አላስታውስም" እና "አይደለሁም" ሁለት የተለያዩ ግሦች መሆናቸውን አራተኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ልጆች ያውቃሉ። ግንኙነት ስለሌለው ጥያቄ ግን ምንም አልልም። ሳይንስ ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው በሳይንስ ቦርድ ፊት ከጉዳዩ የራቀ መሆኑን ስለነገሩኝ ብቻ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ምስክር። ዋናዋ ነርስ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጥታ፣ ከበር ላይ "ከአመልካቿ ጋር ወዳጅነት ስላላት" ተብላ ተመለሰች። የዳይሬክተሩ ምስክር ምክትላቸው ነበሩ። እሳቸውና ምክትላቸው ምንኛ ተጠላልተው እንደሚኖሩ ቦርዱ በሚገባ አጣርቶ መሆን አለበት።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ከዚህ ወዲያ አልሄድ አለኝ። የቀረው በቁጥር የሚቀመጥ አይደለም።

ገንዳዎቹ ከተነቀሉ በኋላ ባለቤቴ ያደረገችውን በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አያገኙትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸው የሞቱባቸውን እናቶች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትነግራቸው ነበር። ነርሷ ታስተዋውቃታለች፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ሆስፒታሉ ማስታወቂያውን አነሳው እንጂ ለማንም "ተሳስተናል" አላለም፤ ስለዚህ በየቤቱ በገዛ እጇ ልጇን የገደለች የሚመስላት ሴት ተቀምጣ ነበር።

አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፎቅ ላይ ባለ ጠባብ ክፍል፣ ከስፌት መኪናዋ ጋር ትኖራለች። ከሟቹ በኋላ ሌላ ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷ ቆማ መሄድ ጀምራለች። እናቲቱ ግን ልጅቷን የምታቅፋት የጎማ ጓንት አድርጋ ነው። በባዶ እጇ ነክታት አታውቅም። ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ከረባቱ ሳይቀር።  ሴትየዋ፣ "እርግጠኛ ነዎት?" አለቻት።

"ያገኘሁት እኔ ነኝ" አለቻት ባለቤቴ። "እኔ ነኝ ያገኘሁት። በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

ሴትየዋ ጓንቱን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት፣ አወለቀችው። እጇ ተላልጦ ነጭ ሆኗል። ልጅቷን ጉንጯን ስትነካት ልጅቷ ስለበረዳት ይሁን ስለገረማት ቀና ብላ አየቻት። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ስም ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ቀን ነው። ለሜዳሊያ አይደለም። ያቺ ሴት ሪፖርት ቢነበብላት፣ "ተደረሰበት" ቢባልላት፣ ጓንቷን አታወልቅም ነበር። ያወለቀችው "እኔ ነኝ" የሚል ሰው ዓይኗን እያየ ስላናገራት ነው። ያገኘ ሰው ባገኘው ነገር ይምላል፤ ከተሳሳተም ይጠየቅበታል። ላም ባልዋለበት ኩበት የለቀመ ግን የላሟንም ደጅ አያውቅ። ዳይሬክተሩ ሜዳሊያቸውን ከለበሱ ወዲህ ወደ አንዲት እናት ቤት መሄዳቸውን አልሰማሁም፤ ሄደው ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽልማቱ በቴሌቪዥን በተላለፈበት ዕለት የኛ ቴሌቪዥን አልሠራም፤ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ቅዳሜ የምንሄደው እኔና ነርሷ ነን። እኔ እንደ እሷ አልናገርም፤ "እኔ ነኝ" የምለው ነገር የለኝም። "እርስዎስ ማን ነዎት?" ሲሉኝ "የግኝቱ ባለቤት ባለቤት ነኝ" እላለሁ፤ ግራ ተጋብተውም ቢሆን ያስገቡኛል። አንዳንዷ ታምነኛለች። አንዳንዷ ግን ሻይዋን አቅርባ፣ እስከ በር ሸኝታ፣ አታምነኝም። ያላመኑኝን እናቶች ቁጥር ቦርዱ ለራሱ ቢጠይቅ ደስ ባለኝ፤ እኔ መቁጠር አቅቶኛል።

ስለዚህ የምለምነው ሜዳሊያውን አይደለም፤ ደረታቸው ላይ አምሮባቸዋል። የምለምነው የሪፖርቱ ዓረፍተ ነገር ባለቤት እንዲኖረው ነው። በነርሷ ፋይል ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጦ ያለው ማስጠንቀቂያ እንዲነሳላት፣ ያን ቀን ክፍሉን ባዶ ያደረገችው እሷ መሆኗም እንዲጻፍላት ነው። ለእናቶቹም ማኅተም ያለበት አንዲት መስመር ትላክላቸው፦ "እርስዎ አይደሉም" የምትል። ይህን ሁሉ ቦርዱ በአንድ ሻይ ዕረፍት ሊጨርሰው ይችላል።

ውድ ጊዜዎን በአንድ ጡረተኛ ሐተታ ስላባከንኩ፣ የማይገባኝን ያህል ስላናገርኩዎት፣ ያልጠየቁኝንም ስለመለስኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለቦርድዎ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ረጅም ዕድሜና አጭር ዓረፍተ ነገር የምመኝ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ያልተመዘገበችው አመልካች ባል

ማሳሰቢያ፦ የቦርዱ ውሳኔ ለአመልካቿ እንዲነበብላት መመሪያው ስለሚያዝዝ ትላንት ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማኅተሙን ሳይቀር፣ አነበብኩላት። እስክጨርስ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ ክንዴን ይዛ፣ "ምስኪን! ሴትየዋ አልከፋትም?" አለችኝ። ምን ብዬ እንድመልስላት ቦርዱ በጽሑፍ ያሳውቀኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።